መብራት ከመጣ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት

ውድ እትዬ፣

ይህ ስድስተኛው ወረቀት ነው፤ አምስቱን ቀድጄ ጥያቸዋለሁ። የመጀመሪያው «ከተለያየን ወዲህ እንዴት ከርመሻል» ብሎ ይጀምር ነበር። መልሼ ሳነበው አፈርኩ። እንዴት እንደከረምሽ አሁን አውቃለሁ፤ ያወቅኩትም ካንቺ አፍ አይደለም። ሁለተኛው ስለ ማሽን ብቻ የሚያወራ ሆነብኝ። ሦስተኛው ይቅርታ በይቅርታ ሆኖ ምን እንዳጠፋሁ እንኳ አይናገርም ነበር። ስለዚህ ከሥሩ ጀምሬ በተራ ልንገርሽ። ከመሃል ከጀመርኩ ራሴን የማስመልጥበት ቀዳዳ እንደማላጣ አውቀዋለሁ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የተቀጠርኩ ሰሞን ለሕንፃው ሁሉ የኮምፒውተር ባለሙያ እኔ አንዱ ብቻ ነበርኩ። አታሚው ወረቀት ሲነክስ፣ ስልኩ ሲዘጋ፣ አንድ ጊዜማ የኃላፊው ወንበር ሲንቋቋ የተጠራሁት እኔ ነኝ። ክትባት ክፍል የገባሁት ገመድ ልዘረጋ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ «ሲስተር፣ ይፈቅዱልኛል?» ስልሽ ከመርፌ ሳጥንሽ ቀና ብለሽ ከእግሬ እስከ ራሴ አየሽኝ።

«አንቱታውን ለአማትህ አቆይላት» አልሽኝ። «እኔ ገና እህት ነኝ። ግባ፤ ብቻ ገመድህ እንዳይጥለኝ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ እትዬ አልኩሽ፣ አንቺም ባለ ገመዱ አልሽኝ። ስሜ በዚያው ጠፍቶ ቀረ። ዘበኛው ሳይቀር ጠዋት በር ላይ «ባለ ገመዱ፣ ደህና አደርክ?» ይለኝ ጀመር።

ልጄ ስትወለድ የመጀመሪያ ክትባቷን የወጋሻት አንቺ ነሽ። እሷ ገና አፏን ሳትከፍት የእኔ ዓይን እንባ አቀረረ። «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ለአባትየው ጡጦ አምጡለት!» ብለሽ ኮሪደሩን በሳቅ ሞላሽው። ለሳምንት መሳቂያ አደረግሽኝ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ከዘመድ ርቄ ነበር የምኖረው፤ የሚስቅብኝ ሰው ማግኘት ዘመድ የማግኘት ያህል ነው።

የማቀዝቀዣው ነገር የመጣው በሁለተኛው ዓመቴ ነው። የክትባት ማቀዝቀዣ በር በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሰዓቱ ይመዝገብ የሚል ትእዛዝ መጣ። በሩ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ዕቃ አለች፤ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ኢንተርኔት ለምታከፋፍለው ራውተር ትናገራለች፣ ራውተሯ ደግሞ ሰዓቱን ጨምራ ትጽፋለች። ከመዳፌ የማትበልጥ፣ ሊኑክስ የሚባል ሥርዓት የጫንኩባት ራውተር መረጥኩ። ሥራውን ሁሉ በእጄ ሠራሁት፤ ኮራሁበትም። ከማቀዝቀዣው በላይ መደርደሪያው ላይ አስቀምጬ ገመዷን በበሩ ጎን ሳወርድ አንቺ እጅሽን አጣምረሽ ትመለከቺኝ ነበር።

«ታዲያ ይቺ ከጻፈች እኔ የምጽፈው ምን ሊሆን ነው?» አልሽኝ፤ ጠዋትና ቀትር ሙቀቱን የምትመዘግቢበትን ደብተር እያሳየሽኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሰማያዊ ቀለም፣ በየመስመሩ ፊርማ ያለበት።

«አንቺም ጻፊ፣ እሷም ትጻፍ።»

«የተለያየን እንደሆነስ? የማንን ታምናላችሁ?»

ሳቅሁ። «አትለያዩም» አልኩሽ።

እትዬ፣ ያቺ ማክሰኞ እንዴት እንደነበረች ታስታውሻለሽ። እኔ አሁን ከዚያ ቀን ሌላ የማስበው የለም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ክፍሉን ከፈትሽ። ለዕለቱ የሚበቃሽን ክትባት ከማቀዝቀዣው አውጥተሽ ወደ መያዣ ሳጥኑ አዛወርሽና እስከ ስድስት ሰዓት ልጆች ስትከትቢ ዋልሽ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ሄደ። ስድስት ሰዓት ላይ የተረፈውን መልሰሽ፣ በሩን ዘግተሽ፣ ደብተርሽ ላይ አራት ዲግሪ ብለሽ ጽፈሽ ፈረምሽ። ቁልፉን ለጸሐፊዋ ሰጥተሽ ለቤት ለቤት ክትትል ወጣሽ። መብራቱ ስምንት ሰዓት ላይ ተመለሰ።

ረቡዕ ጠዋት ባልደረባሽ ነርሷ ስትገባ የማቀዝቀዣው በር የጣት ውፍረት ያህል ተከፍቶ አገኘችው። ሙቀቱ አሥራ ዘጠኝ ደርሶ ነበር። ሦስት መቶ አርባ ክትባት ተጣለ። ያን ጠዋት አግዳሚው ላይ ልጅ ታቅፈው የተሰለፉ እናቶች «ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» ተብለው ሲበተኑ በመስኮት አይቻለሁ። አንዷ ሁለት ሰዓት ያህል በእግሯ ተጉዛ የመጣች ነበረች።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ቢሮ ሰበሰበን፤ አንቺ፣ ነርሷ፣ ፋርማሲስቷ፣ እኔ። መዝገቡን አትሜ እንዳመጣ ታዝዤ ነበር። አንዲት ወረቀት ናት፣ ጥቂት መስመር ብቻ። ኃላፊው ጮክ ብሎ አነበባት። «ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሃምሳ አምስት፣ በር ተከፈተ። ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት፣ በር ተዘጋ።» በመካከሉ ምንም የለም።

«ማክሰኞ ክፍሉን ስንት ሰዓት ከፈትሽ?» አለሽ።

«ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ላይ።»

ኃላፊው ወረቀቷን ወደ አንቺ ገፋት።

«ግን ዘግቼዋለሁ» አልሽ። «ጠዋትም ዘግቼዋለሁ፣ ስድስት ሰዓት ላይም ከፍቼ ዘግቼዋለሁ። ደብተሬ አራት ዲግሪ ይላል። ክፍት የዋለ ማቀዝቀዣ አራት ዲግሪ ይላል እንዴ?»

«ደብተር የሚጽፈው ሰው ነው» አለ ኃላፊው።

ያኔ ወደ እኔ ዞርሽ። ፊትሽ ላይ ፍርሃት አልነበረም፤ እኔ እዚያ ስለነበርኩ ነገሩ የሚፈታ መስሎሽ ነበር። «ባለ ገመዱ፣ ስድስት ሰዓት ላይ መክፈቴን ይህ ዕቃህ አላየም?»

መልሱን ያለ ማሰብ ሰጠሁ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። «ክፍት የሆነ በር እንደገና አይከፈትም፣ ሲስተር። ስድስት ሰዓት ላይ ሲደርሱ ቀድሞውኑ ክፍት ነበር ማለት ነው። እርስዎ አላስተዋሉትም ይሆናል።»

አንቱ አልኩሽ። ከዚያ ከገመዱ ቀን ወዲህ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ። ለምን እንዳልኩሽ ያኔ አላውቅም ነበር፤ አሁን ግን አውቃለሁ። አንቺ ብዬ ልወነጅልሽ ስላልቻልኩ ነው። አንቺም ሰምተሽዋል። አፍሽን ልትከፍቺ ነበር፤ ዘጋሽው።

ከክትባት ክፍል አንስተው ካርድ ክፍል ወረወሩሽ። ሃያ ሁለት ዓመት መርፌ የያዘች ሴት አቧራ የጠጣ ካርድ በቁጥር ስትደረድር ኮሪደሩን በሌላ በኩል ዞሬ ማለፍ ጀመርኩ። አንድ ቀን የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ሬዲዮ የምንላት፣ መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ «ምነው ባለ ገመዱ፣ መንገድ አበዛህ? ሲስተር አትነክስም እኮ» አለችኝ። ሥራ በዝቶብኛል ብዬ አመለጥኳት። በአራተኛው ወር ጊዜሽ ሳይደርስ ጡረታ ጠየቅሽ። የመጨረሻ ቀንሽ ላይ ሁሉንም በየተራ ስትሰናበቺ እኔ ዘንድ ደርሰሽ እጄን ጨበጥሽኝና «ልጅህን ሳምልኝ» ብቻ አልሽ። አንገቴን ደፍቼ «እሺ» አልኩ። ሌላ የምለው ጠፍቶኝ አይደለም፤ አልደፈርኩም እንጂ።

ከዚያ ስምንት ወር አለፈ።

አንድ ዓርብ ጠዋት ፋርማሲስቷ ወረቀት ይዛ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። የመድኃኒት ማቀዝቀዣው ላይም ያችኑ ዕቃ አስገብቼላት ነበር። ሰው ሲሳሳት ድምጿን ዝቅ የምታደርግ ሴት መሆኗን ታውቂያታለሽ፤ ያን ቀን ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ዝቅ አደረገችው።

«ይህ ወረቀትህ ትናንት ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ማቀዝቀዣውን ከፍተሻል ይለኛል። በዚያ ሰዓት ሁላችንም ስብሰባ ላይ ነበርን። አንተ አጠገቤ ተቀምጠህ ስታዛጋ ነበር።»

«ምናልባት ሌላ ሰው ገብቶ…»

«ቁልፉ አንገቴ ላይ ነበር።»

«ትናንት መብራት ሄዶ ነበር እንዴ?»

«ከሰዓት ሄዶ መጣ። ልክ እንደመጣ ከፍቼ ሙቀቱን አየሁ። ያንን ነው ጠዋት የሚልብኝ?»

«ራውተሯን ልያት» ብዬ ተነሳሁ።

የፋርማሲውን ራውተር ነቅዬ ወደ ጠረጴዛዬ አመጣሁ። ምሳ ሰዓት ነበር፣ ስድስት ከሩብ። ሶኬቷን ነቀልኩ፣ ጥቂት ቆይቼ ሰካሁ፣ ተነሳች። ሰዓት ስንት ነው ብዬ ጠየቅኳት። «ትናንት ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ከአሥራ ስምንት» አለችኝ፤ ያለ አንዳች ሀፍረት። ትኩር ብዬ ተቀምጬ ጠበቅኳት። ልክ ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ዘላ ትክክለኛው ሰዓት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ለሚያያት ሰው በሕይወቷ ተሳስታ የማታውቅ ትመስል ነበር።

እንዲህ ነው ነገሩ፤ አንቺ ሁልጊዜ «በሰው ቋንቋ ንገረኝ» ትይኝ ስለነበር በሰው ቋንቋ ልንገርሽ። እንዲህ ያሉ ትናንሽ ራውተሮች እንደ ኮምፒውተር ሰዓት የምትጠብቅ ባትሪ የላቸውም። መብራት ሲሄድ ሰዓታቸውም አብሮ ይሄዳል። ሲነሱ የቱ ጋ እንዳሉ ስለማያውቁ በመጨረሻ ያስቀመጡትን ፋይል ሰዓት አይተው «እንግዲህ አሁን ያኔ ነው» ብለው ይጀምራሉ። ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ትክክለኛውን ሰዓት መጠየቅ አለባቸው። የእኔዋ ትጠይቅ ነበር፤ ግን ቸኩላ። የኢንተርኔቱ መስመር ገና ሳይነሳ ትጠይቃለች፣ መልስ ታጣለች፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ተኝታ እንደገና ትጠይቃለች። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ የጻፈችው ሁሉ ሐሰት ነው። ሐሰቱ ደግሞ እውነት ይመስላል። ከሃምሳ ዓመት በፊት የነበረ ቀን ጽፋ ቢሆን ኖሮ ሕፃን ልጅ እንኳ ይስቅባት ነበር። እሷ ግን የዛሬን ቀን፣ የጠዋቱን ሰዓት ጻፈች። ማን ይጠርጥራት?

ሮጬ ፋይል ክፍል ገባሁና ያቺን ወረቀት አወጣኋት። ከላይ፣ ኃላፊው ካነበባቸው መስመሮች በላይ፣ በደቃቅ ፊደል አንድ መስመር አለች። «ሁለት ሰዓት ከአርባ፣ ማሽኑ ተነሳ።» ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ማሽኑን ማንም አላስነሳውም። በዚያ ሰዓት እኔ ቢሮዬ ሆኜ የራውተሯን የይለፍ ቃል ቀይሬ ነበር፤ በመጨረሻ ያስቀመጠችው ፋይል እሱ ነው። ሌላም አለ። የዚህች ዕቃ መዝገብ መብራት ሲሄድ ይጠፋል። ስለዚህ ወረቀቷ ላይ ያለው ሁሉ፣ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው፣ መብራቱ ከተመለሰ በኋላ የሆነ ነው። አንቺ ጠዋት የከፈትሽው፣ የዘጋሽው፣ ቀትር ላይ የከፈትሽው፣ የዘጋሽው፣ ሁሉም ተጽፎ ነበር፤ መብራቱ ይዞት ሄደ። ይህን ማንም ባያውቅ እኔ አውቅ ነበር። ያን ቀን ወረቀቷ በእጄ ነበረች። የመጀመሪያዋን መስመር አላነበብኳትም።

እንግዲህ አስዪው፤ ሁለት ሰዓት ከአርባ ማለት ስምንት ሰዓት ከሆነ፣ ሁለት ከሃምሳ አምስት ስምንት ከሩብ ነው። ስምንት ከሩብ ላይ አንቺ በሰው ደጅ የአራስ ልጅ እየመዘንሽ ነበር። ታዲያ ማን ነው ክፍሉ ውስጥ የነበረው?

ጸሐፊዋ ዘንድ ሄጄ የቁልፍ ደብተሩን ለመንኳት። ገልጣ ገልጣ ማክሰኞዋን አገኘቻትና ወደ እኔ አዞረችልኝ። «ክትባት ክፍል፣ ስምንት ከአሥር ወሰደ፣ ስምንት ከሃያ አምስት መለሰ።» አጠገቡ ፊርማ። የራሴን ፊርማ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ ብልሽ ታምኚኛለሽ?

ከዚያ ሁሉም ነገር ተመለሰልኝ። መብራት ከመጣ በኋላ እንግዳ መቀበያው ጋ ኢንተርኔት ቶሎ አልመጣም ብለው ጠርተውኝ ነበር፤ የእነሱም መስመር የሚያልፈው በክትባት ክፍሏ ራውተር ነው። ወንበር ላይ ወጥቼ ከመደርደሪያው ራውተሯን ወደ እኔ ጎተትኩ። ወንበሩ ሲነቃነቅብኝ የማቀዝቀዣውን እጀታ ያዝኩ። የኢንተርኔት ገመዱን ነቅዬ ሰካሁት፣ መብራቷ ብልጭ አለ፣ ወረድኩ። ማቀዝቀዣው ከወትሮው ይበልጥ ያጉረመርም ነበር። መብራት ስለጠፋ ነው፣ ለመቀዝቀዝ እየታገለ ነው ብዬ ወጣሁ። የክፍሉን በር ቆልፌ ቁልፉን መለስኩ። አሥራ አምስት ደቂቃ። ሥራዬን ጨርሼ እያፏጨሁ ነበር የሄድኩት።

እኔ ነኝ፣ እትዬ። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ማሽኗ ዋሸችኝ ብዬ ራሴን እንዳላጽናና እንኳ፣ እሷ የጻፈችው የእኔን እጅ ነው፤ ያነበብኩት ባንቺ ስም ነው።

አሁን ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳፍረኝን ስሚኝ። ማሽኗን ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አስተካከልኳት። ሁለት አጫጭር ፋይል ነው፣ ሃያ መስመር አይሞላም። መስመሩ መነሳቱን ሳታረጋግጥ ሰዓት እንዳትጠይቅ አደረግኳት። መልስ ካጣች ግማሽ ሰዓት እንዳትተኛ፣ በየአሥር ሴኮንዱ እንድትጠይቅ አደረግኳት። ሰዓቷን እስክታገኝ ድረስ ለምትጽፈው ሁሉ «ሰዓቱ አልታወቀም» ብላ እንድትጽፍ አስተማርኳት። ሳንቲም የምታህል ባትሪ ያላት ሰዓትም ገጠምኩላት። አሥር ጊዜ አጥፍቼ አበራኋት፤ አሥሩንም ጊዜ እውነቱን ተናገረች። እኔ ግን አፌን ለመክፈት አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። አሥራ አንድ ቀን! ጠዋት እየገባሁ፣ ሻይ እየጠጣሁ፣ ለዘበኛው ሰላምታ እየመለስኩ። «ነገ እነግራለሁ» ስል ነገ የሚባለው ነገር ማለቂያ የለውም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ልጅሽ መጣች። ሕፃኗን ልታስከትብ ነበር። አወቀችኝ፤ እኔም በዓይኖቿ አወቅኳት፤ ቁርጥ አንቺን።

«አያቷስ?» አልኳት።

«ውጭ ናት» አለችና በአገጯ መስኮቱን አሳየችኝ። ከመንገዱ ማዶ፣ ከተዘጋው ሱቅ ደረጃ ላይ፣ ጃንጥላሽን ጉልበትሽ ላይ አጋድመሽ ተቀምጠሻል። «እስከዚህ ትሸኘኛለች፤ ከበሩ ወዲህ ግን አትገባም።»

«ደህና ናት ግን?»

ልጅሽ ሕፃኗን ወደ ትከሻዋ ከፍ አደረገቻት። «ምን ልበልህ። ቤት ያለውን ማቀዝቀዣ ሦስት ጊዜ ገፋ ገፋ ሳታደርገው ከቤት አትወጣም። መጀመሪያ ‹ዘግቼዋለሁ› ትል ነበር። አሁን ግን ‹ምናልባት እኔ ሆኜ ይሆናል፤ ማሽን ምን በድዬው ይዋሽብኛል› ትላለች። ለዚች የታዘዘላትን የቫይታሚን ጠብታ እንኳ አንቺ ስጪያት ብላ ለእኔ ትሰጠኛለች። ስንት ሺህ ልጅ የከተበች ሴት! ‹የእኔ እጅ ይረሳል› ትለኛለች።»

ወጣሁ። በሩ ድረስ ሄድኩ። አየሽኝ፤ ተነሳሽ። መንገዱን መሻገር አቃተኝ፣ እትዬ። አንድ መኪና እንኳ አያልፍም ነበር። ዞሬ ተመለስኩ፤ ግን ወደ ቢሮዬ ሳይሆን ቀጥ ብዬ ኃላፊው ዘንድ ገባሁ።

ቆሜ ነገርኩት። ወረቀቷን፣ የቁልፍ ደብተሩን፣ ሁሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» አለኝ። «ሴትዮዋ ወጥታለች። መዝገቡም ተዘግቷል። አንተም ልጅ አለህ፤ ለምን በገዛ እጅህ…»

«የተዘጋው በእሷ ስም ነው።»

«እና ምን ይሁን ነው የምትለው?»

«በእኔ ስም ይከፈት።»

«ይታሰብበታል» አለ።

«ሰኞ ስብሰባ አለ» አልኩት። «አስበው ከጨረሱ ከዚያ በፊት ይንገሩኝ። ካልጨረሱ እኔ ለሁሉም እነግራቸዋለሁ።» እንዲህ መናገሬን ጀግንነት አታድርጊብኝ፤ አሥራ አንድ ቀን የዘገየ ነው።

አልነገረኝም። ሰኞ ጠዋት ተነስቼ ተናገርኩ። ረዘም ያለ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን «በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ሲስተር ዘግታው ነበር» ብቻ ሆነ። ከዚያ ወረቀቷን አስነበብኳቸው። ነርሷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ፋርማሲስቷ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሬዲዮ ከበሩ ሥር ሆና «እኔ እኮ ያኔም አላመንኩም ነበር» አለች። «ግን ሬዲዮን ማን ይሰማል?» ኃላፊው «ደብተሯን አምጡልኝ» አለ። አመጡለት። ያን ማክሰኞ የጻፍሽውን ገጽ ገልጦ አራት ዲግሪ የሚለውን በጣቱ ሲነካው አየሁት። ሐሙስ ዕለት ደብዳቤውን ፈረመ።

ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ከማቀዝቀዣዎቹም ሥራ ተነሳሁ። ሲያንሰኝ ነው። ያንቺ ስም ከጥፋት መዝገቡ ተሰርዞ የእኔ ተጽፏል። ማኅተም ያለበት ደብዳቤና የመዝገቡ ገጽ ቅጂ ከዚህ ወረቀት ጋር ታሽገዋል። ወደ ሥራ ልመለስ ካልሽ በሩ ክፍት እንደሆነ ደብዳቤው ይላል። አልፈልግም ብትይ ደግሞ የሚፈርድብሽ የለም።

ያን ጠዋት ሳያስከትቡ የተመለሱትን እናቶች አስቤያቸዋለሁ። ያቺ በእግሯ የመጣችው ተመልሳ ትምጣ አትምጣ ካርዶቹን አገላብጬ ፈለግኩ። መጥታለች፤ ልጇ ተከትቧል። የሁሉንም ግን አላገኘሁም። ይህንንም ልትሰሚው ይገባል።

ቅዳሜ ጠዋት ቤትሽ እመጣለሁ። ያን ቀን ያልተሻገርኩትን መንገድ ተሻግሬ በቃሌ ልነግርሽ የሚገባኝን እነግርሻለሁ። ማየት ካልፈለግሽኝ ለልጅሽ ንገሪያት፤ ከደጅ ትመልሰኝ። አልቀየምም፤ የመቀየም መብት የለኝም። ይቅርታም በግድ አድርጊልኝ አልልሽም፤ እሱ ያንቺ ነው፤ ብትፈልጊ ትሰጪኛለሽ፣ ባትፈልጊ ይዘሽው ትኖሪያለሽ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ ለእኔ ብለሽ አይደለም። ይህን ወረቀት አንብበሽ ስትጨርሺ እጅሽን ታጠቢ። ሕፃኗን ከእናቷ ተቀበያት። ጠብታውን አንቺ ስጪያት።

በበደሌ አንገቴን ደፍቼ፣
ባለ ገመዱ